የሃይራይዝ የማርስ ምስሎች ለውኃ ዱካ ፈላጊ

ሃይራይዝ ማርስን በሚዞር የናሳ መንኮራኩር ላይ ያለ ካሜራ ነው። ምስሉ ነፃ ነው፤ ጥራቱም ያስደንቃል። አንዱ ፒክስል 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠረጴዛ የሚያክል ቋጥኝ ይለያል። ችግሩ ጥበቱ ነው፦ የምስሉ ወርድ 6 ኪሎ ሜትር፣ ባለቀለሙ መሃል ደግሞ 1.2 ብቻ። ስለዚህ የጄዜሮን (ጥንት ሐይቅ የነበረበትን የማርስ ጎድጓዳ ስፍራ) ደለል ለማየት መጀመሪያ ፒክስሉ 6 ሜትር በሆነው ሲቲኤክስ (በዚያው መንኮራኩር ላይ ባለው ሰፋ አድርጎ በሚያነሳ ካሜራ) የወንዙን መግቢያ ያግኙ፣ ከዚያ ወደዚህ ይምጡ።

ሙሉው ፋይል ጄፔግ 2000 ነው፤ ብዙ ተራ ፕሮግራሞች አይከፍቱትም፣ ሃይቪው የተባለውን የምስል መመልከቻ ፕሮግራም ይጫኑ። በካርታ የተስተካከለውን ይምረጡ፦ ሰሜን ወደ ላይ፣ ብርሃኑ ከግራ። ይህን የዘነጋ ጉብታውን ጉድጓድ ያደርገዋል፤ በተለይ ዙሪያው ተሸርሽሮ የጥንቱ ወንዝ ወለል እንደ ካብ ከፍ ብሎ በቀረበት ቦታ። ሰማያዊውም ውኃ አይደለም (ስንቱን አታሏል!)፤ ዓይን የማያየው ብርሃን በሚታይ ቀለም በሚተካበት የኢንፍራሬድ ቅንብር ብዙ ጊዜ የባዛልት አሸዋ ነው።