የኪስ ዳዊት ከነማኅደሩ፦ ለዕለት ጸሎት ምን ያህል ያገለግላል?

ይህ አስተያየት የሚመለከተው በአብያተ ክርስቲያናት አካባቢ ባሉ የንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች ከቆዳ ማኅደር (መያዣ) ጋር የሚሸጠውን የግእዝ የኪስ ዳዊት ነው። የገዛሁት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ አንዳንድ ጊዜም የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስደግምበት ቆይቻለሁ። ውስጡ ያለው ሥርዓት ለተበተነ ልብ ትልቅ ማረፊያ ነው፤ የመጽሐፉ አጠራረዝ ግን በየዕለቱ ለሚከፈት መጽሐፍ የሚበቃ አይደለም።

ዳዊት ለግል ጸሎት የሚመቸው የት ተጀምሮ የት እንደሚቆም አስቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ ነው። 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥር እየሆነ «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች ይከፈላል፤ ለሳምንቱ ሲደለደልም ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ የጸሎተ ነቢያትና የመኃልየ መኃልይ ድርሻ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን የገለጠ ሰው ዛሬ ምን ልጸልይ ብሎ አይቸገርም። የሳምንቱ ሥራ ገና ሳይጀመር ሰኞ ማለዳ የሚከብደው ሰው በዚያው ቀን ድርሻ ውስጥ 22ኛውን መዝሙር፣ «እግዚአብሔር ይሬእየኒ ወአልቦ ዘየኀጥአኒ» የሚለውን ያገኘዋል፤ ሐሙስ ደግሞ 90ኛው፣ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል»፣ ተራውን ጠብቆ ይመጣል።

ሙሉውን የዕለት ድርሻ ማድረስ ግን ለሁሉም አይሆንም። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ ቢሮ መግባት ያለበት ሰው ሠላሳ መዝሙር በአንድ ጠዋት ልወጣ ቢል፣ ዓይኑ ከመስመሩ ይልቅ ሰዓቱ ላይ መዋሉ አይቀርም። እኔ ከንስሐ አባቴ ጋር ተመካክሬ በቀን አንድ ንጉሥ ብቻ ይዣለሁ፤ ሳልቻኮል የምደግመውም ይህንኑ ነው። የዓርቡ ሃያ መዝሙር ብቻ ነው ብሎ የሚደሰት ካለ፣ 118ኛው መዝሙር ብቻውን 176 ቁጥር እንዳለው ከወዲሁ ይወቅ። ደግነቱ እርሱም ከአሌፍ ጀምሮ በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ስም የተከፈለ ስለሆነ በየስምንት ቁጥሩ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ይመቻል።

ወደ መጽሐፉ ሥራ ስንመለስ፣ ማኅደሩ የሚመሰገን ነው። ቆዳው ወፈር ያለ፣ ክዳኑ ጠልቆ የሚገጥም፣ ማንገቻውም በደንብ የተሰፋ በመሆኑ ዝናብ ሲያገኘኝ መጽሐፉ አልራሰም። ቅዱሳት ስሞች እንደ ብራናው ልማድ በቀይ ቀለም ታትመዋል፤ ይህም ዓይን ሲደክም መስመር እንዳይጠፋ ይረዳል። ወረቀቱ ግን እጅግ ስስ ስለሆነ ቀዩ ቀለም ወደ ጀርባው ገጽ ያልፋል፣ ፊደሉም ከማነሱ የተነሣ «ሠ»ን ከ«ው» ለመለየት መጽሐፉን ወደ መስኮት ማስጠጋት ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ ሌሊት በጧፍ ብርሃን ማንበብ እንደማይሞከር ልብ ይሏል። ከሁሉም የከፋው ጥራዙ ነው፤ በክር የተሰፋ ሳይሆን በሙጫ ብቻ የተያያዘ በመሆኑ ብዙ የተገለጠው የመጀመሪያው ንጉሥ ከጀርባው መላቀቅ ጀምሯል። ለሻጩ ባሳየው «አያያዝ ነው» ብሎ መለሰልኝ፤ ለጸሎት የተዘጋጀ መጽሐፍ በየዕለቱ መገለጡን እንደ አያያዝ ጉድለት መቁጠሩ ግን አላሳመነኝም።

ዳዊትን በስልክ ማንበብ የሚመርጡ አሉ፤ ፊደል ማጉላት ስለሚቻል ለደከመ ዓይን እውነትም ይሻላል። ሆኖም በመዝሙሩ መካከል የባንክ መልእክት ብቅ የሚልበት መሣሪያ ላይ ልብን ሰብስቦ መቆየት እኔን ከብዶኛል። የስልክ መስመሩን ዘግቶ መጠቀም የሚችል ሰው ይህን ቅሬታዬን ሊያልፈው ይችላል።

ግእዝ ማንበብ የማይችል አንባቢ ይህን እትም ባይገዛው ይመረጣል፤ ግእዝና አማርኛውን ጎን ለጎን ያስቀመጡ እትሞች ስላሉ፣ ከኪስ ተለቅ ቢሉም ለእርሱ የሚጠቅሙት እነርሱ ናቸው። ንባቡን ከአብነት ትምህርት ቤት ይዞ ለመጣና መንገድ ለሚበዛበት ሰው ግን የኪሱ መጠን ተገቢ ነው። የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ እያለ 118ኛውን መዝሙር ገልጦ ፊደሉን በራሱ ዓይን ይሞክር፤ ከዚያም ጥራዙን በጀርባው በኩል ተመልክቶ የስፌት ክር ካላየበት ማኅደሩን ብቻ ገዝቶ በክር የተሰፋ ዳዊት ከሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻለዋል። ብዙዎቹ ሻጮች ሁለቱን ለያይተው ለመሸጥ ፈቃደኞች ናቸው።