የግስ ማርቢያው አፕ፦ ሰንጠረዡ አሪፍ፣ ልምምዱ ግን...

ስፓኒሽ ስማር የምጠቀምበት አንድ የግስ ማርቢያ አፕ አለ። ስሙን ልተወውና ስራውን ልናገር፣ ያውም ሪፍሌክሲቭ ግሶችን (ድርጊቱ ወደ ራሱ ወደ ባለቤቱ የሚመለስባቸውን) በኮንዲሽናል («ቢሆን ኖሮ» ለማለት በሚያገለግለው ቅርጽ) ሲያረባ ብቻ።

ሰንጠረዡ ላይ እንከን የለም። ሌቫንታርሴ፣ ማለትም መነሳት፣ ብላችሁ ስትጽፉ «ሴ»ን ከኋላ ያነሳና እንደ ባለቤቱ እየቀያየረ ከፊት ያስቀምጠዋል፦ ሜ ሌቫንታሪያ፣ ቴ ሌቫንታሪያስ፣ ሴ ሌቫንታሪያ፣ ኖስ ሌቫንታሪያሞስ፣ ኦስ ሌቫንታሪያይስ፣ ሴ ሌቫንታሪያን። ኮንዲሽናል ሲበዛ ቀላል ነው። ግሱ በ«አር» አለቀ በ«ኤር» ወይ በ«ኢር» መድረሻው ያው ነው፣ ግሱ ሳይቆረጥ ከኋላው ይቀጠላል። ሴንቲርሴ በአሁን ጊዜ «ሜ ሲየንቶ» እያለ ቢያምሰንም እዚህ ጨዋ ሆኖ «ሜ ሴንቲሪያ» ይላል። ግንዳቸው የሚቀየረው 12 ግሶችና ከነሱ የወጡት ብቻ ናቸው። ለምሳሌ ፖኔርሴ «ሜ ፖንድሪያ» ይሆናል። አፑ እነዚህን በቀይ ይለያቸዋል፣ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው።

ልምምዱ ግን ያናድዳል። ሜ፣ ቴ፣ ሴ የሚሉትን ራሱ ጽፎ ያቀርብና መድረሻውን ብቻ ሙሉ ይላል። ኧረ ባካችሁ! «እኔ» እና «እሱ» እኮ በኮንዲሽናል መድረሻቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ሌቫንታሪያ። የሚለያቸው ያቺ ሜ ወይም ሴ ነች። እሷን ከዋጣችኋት ደግሞ ነገሩ እናንተ መነሳታችሁ ይቀርና ሌላ ነገር ማንሳት ይሆናል። ዋናውን ስራ ሰርቶልን ትርፍራፊውን ነው የሚጠይቀን፣ ከዚያ መቶ ከመቶ ሰጥቶ ያጨበጭብልናል።

ሌላው፣ ስድስቱም ቅርጾች «ኢ» ላይ ጭረት አላቸው፣ አፑ ግን ብትተዉትም ትክክል ይላል። «ሜ ሴንቲያ» እና «ሜ ሴንቲሪያ»ንም ጎን ለጎን አያሳይም። የመጀመሪያው በእውነት የነበረ ስሜት ነው፣ ሁለተኛው ቢሆን ኖሮ የሚባለው። በአማርኛ ሁለቱንም «ይሰማኝ ነበር» ስለምንል እኛን በተለይ ይሸውደናል።

የሚከፈልበት ክፍል ማስታወቂያውን ያጠፋል እንጂ ይሄን አያስተካክልም። ስለዚህ ብር አታውጡበት። ነጻውን ሰንጠረዥ ክፈቱና ልምምዱን ወረቀት ላይ ስሩት፣ «ሲ ፑዲዬራ፣ ሜ ኢሪያ»፣ ብችል እሄድ ነበር፣ እያላችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ሜዋን ራሳችሁ እየጻፋችሁ።