ካያክ ላይ ያለው የአውሮፕላን ፊልተር፡ ቤታችሁ ለመብረር የሚፈራ ሰው ካለ ይሄን ሞክሩት

እኛ ቤት ትኬት ሊቆረጥ ሲል ከዋጋው በፊት የሚመጣው ጥያቄ «አውሮፕላኑ ምንድነው?» ነው። እናቴ ከመጋቢት 1 ቀን 2011 ወዲህ ሳትጠይቅ ተሳፍራ አታውቅም፣ ደግሞ ልክ ናት። የዛን እሁድ ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነስቶ በ6 ደቂቃው ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ማን ይረሳል፣ 157 ሰው እኮ ነው ያለቀው፣ ከሱ 4 ወር ከምናምን ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዛው አይነት አውሮፕላን 189 ሰው ሞቷል።

ካያክ የሚባለው የበረራ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ፍላይት ሰርች አድርጋችሁ ውጤቱ ሲመጣ፣ በኮምፒውተር ከሆነ በግራ በኩል ፊልተሮቹ ይደረደራሉ፣ ከነሱ ውስጥ አውሮፕላን የሚለውን ስትከፍቱ ሞዴሎቹ በስም ይወጣሉ። የማትፈልጉትን ምልክቱን ስታነሱለት በዛ አውሮፕላን የሚሄዱት በረራዎች በሙሉ ከፊታችሁ ይጠፋሉ። በቃ። ለፈራ ሰው «አይዞሽ ምንም አይልም» ከማለት ይሄን ከፍቶ ማሳየት ይሻላል፣ እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስሙ ሲጠፋ አይታ ነው ትከሻዋ የወረደው።

ግን ስም አታምታቱ። 737-800 ማክስ አይደለም፣ የድሮው ነው፣ ብዙ ሰው 737 የሚለውን ብቻ አይቶ ትኬቱን ይተዋል። 737-8 ብለው የሚጽፉት ደግሞ ማክስ ነው፣ ማክስ የሚል ቃል ላይኖረው ይችላል። ወደ ዋሽንግተን ለሚሄድ ሰው ደሞ በማክስ መጨነቅ አያስፈልግም፣ በዛ ርቀት የሚሄዱት እነ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ 350 ናቸው።

እኔ ራሴ አሁን ማክስ ከሆነ አልሄድም አልልም። አደጋው የመጣው አንድ ሴንሰር የተሳሳተ ነገር ሲያነብ ሶፍትዌሩ እሱን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ስለገፋው ነው፣ አብራሪዎቹ እየታገሉት። አሁን ሁለቱን ሴንሰሮች ያነጻጽራል፣ ካልተስማሙ አይሰራም፣ ከሰራም አንዴ ነው፣ አብራሪዎቹም በሲሙሌተር ስልጠና ይወስዳሉ። አየር መንገዳችንም ቶሎ አልመለሰውም፣ ሌሎቹ ከጀመሩ ቆይተው ጥር 24 ቀን 2014 ነው ማክስን መልሶ ያበረረው፣ እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። በፈረንጆቹ ጥር 2024 አሜሪካ ውስጥ አየር ላይ የበር መዝጊያው የተገነጠለው ማክስ 9 ነበር፣ ብሎኖቹ ሳይታሰሩ ከፋብሪካ ወጥቶ። ያን የሰማ ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም፣ ፍርሃቱን የፈጠረው ተሳፋሪው አይደለም።

ፊልተሩ የማይችለው ነገርም አለ። አየር መንገድ በመጨረሻ ሰዓት አውሮፕላን የመቀየር መብት አለው፣ ዛሬ 800 የተባለው በበረራው ቀን ማክስ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚ የፍላይት ቁጥሩን ይዛችሁ በረራዎችን የሚከታተለው ፍላይትራዳር24 ድረ ገጽ ላይ ብትፈልጉ ባለፉት ቀናት በምን አውሮፕላን እንደሄደ ያሳያችኋል፣ ከዛ ተነስታችሁ መገመት ትችላላችሁ። ካያክ ራሱም ትኬት አይሸጥም፣ ወደ ሻጮቹ ነው የሚመራው፣ የውጭ ካርድ ለሌለን ሰዎች ደሞ እዛ መክፈል አይሆንም። እኔ እዛ አይቼ መርጬ ስክሪንሹት ይዤ ትኬት ቢሮ ሄጄ በብር ነው የምቆርጠው።

ትኬት ቢሮ ስትሄዱ አትፈሩ ጠይቁ። አንዱ ቢሮ «ሁሉም አውሮፕላን አንድ ነው ምን አጨነቀሽ» ተብያለሁ፣ በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም የአውሮፕላኑ ኮድ ፊታቸው ስክሪኑ ላይ አለ፣ 7ኤም8 ካለ ማክስ 8 ነው፣ 738 ካለ የድሮው 800። ሁለት ሰከንድ የማይፈጅ መልስ ነው። አሁን የምሄድበት ቢሮ ያለችው ልጅ ሳልጠይቃት ስክሪኑን አዙራ ታሳየኛለች።

ለፊልተሩ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ።