ምንጩስ አባባ? ሁለት ዓመት ከአማርኛ ውክፔዲያ ጋር

ደሴ ፍርድ ቤት አካባቢ አንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ቀን ቀን ማመልከቻ፣ ውልና አቤቱታ እጽፋለሁ። የምከፈለው በገጽ ነው። ማታ ባለጉዳዩ ሲያልቅ ደግሞ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ፣ በዚያው ጣቴ፣ ሰባራ ሳንቲም ለማይከፍለኝ ድረ ገጽ እጽፋለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይህ ግምገማ ስለ ማታው ሥራ ነው።

እናቴ ነገሩን የሰማች ቀን መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ስንት ይከፍሉሻል?" ብላ ነው።

"ምንም።"

"ታዲያ ማን አዞሽ ነው?"

"ማንም።"

ስኒዋን አስቀመጠች። ግንባሬን በመዳፏ ነካ ነካ አደረገችና "አብሽሪ፣ ይሻልሻል" አለችኝ።

ማንም ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው፤ ሰው ሁሉ ዊኪፒዲያ ይለዋል። የአማርኛው ጣቢያ ግን ራሱን "ውክፔዲያ" ብሎ ነው የሚጽፈው፤ እኔም ለምዶብኛል። እንግሊዝኛው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ነው። የሚያስተዳድረው ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ስለሆነ የንግድ ማስታወቂያ አይለቅም። ጽሑፉን የሚጽፈው እንደ እኔ ያለ ማታ ማታ የሚያመሽ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፍ ሲኖረው የእኛው 15 ሺህ ገደማ ላይ ነው። ሱቅ ቢሆን ኖሮ ገብታችሁ ግማሽ መደርደሪያ ባዶ አግኝታችሁ ትወጡ ነበር። ልዩነቱ፣ እዚህ ሱቅ ውስጥ ዕቃውን የምትደረድሩት እናንተው ናችሁ።

አጀማመሩ ለእኔ ብርቅ ነበር። ሥራዬ ወረቀት ነው፤ አንድ ጉዳይ ስንት ፊርማ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። እዚህ ግን ስም ታወጣላችሁ፣ የይለፍ ቃል ትሰጣላችሁ፣ አለቀ። መታወቂያ የለም። ማኅተም የለም። "ነገ ተመለሽ" የለም። ማረሚያውን ተጭናችሁ ትጽፋላችሁ፣ ታስቀምጣላችሁ፣ ወዲያው ለዓለም ይታያል። መጀመሪያ ቀን አንዲት ፊደል አስተካክዬ እጄ ላብ በላብ ሆነ።

የፊደል ነገር ከተነሳ ትንሽ ልቆይበት። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ያለችውን ከተማና ሐይቋን አስቡ። አንዱ "ሐይቅ" ይላታል፣ አንዱ "ሀይቅ"፣ ሌላው "ኃይቅ"። ለእኛ ለአንባቢዎች አንድ ናት፤ ዓሣውም ያው ዓሣ ነው። በገጽ ርዕስነት ግን ለኮምፒውተሩ ሦስቱም የማይተዋወቁ ባዕዶች ናቸው። መፍትሔው ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚመራ ትንሽ ገጽ ማበጀት ነው። ማንም አያመሰግንባችሁም፤ እኔ ግን ከሁሉም ሥራ ይህን እወደዋለሁ። ስንት ዓመት የሰው ስም በየትኛው "ሰ" ይጻፍ እያልኩ ከባለጉዳይ ጋር የተከራከርኩት ለካ ለዚህ ኖሯል።

በነገራችን ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ነው፤ ሴት አትገባም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን ያን ቦታ እኔ ከማዶ ነው የማየው። ስለ እሱ ለመጻፍ ግን ማንም አልከለከለኝም።

አሁን ወደ ጠባሳዬ ልምጣ። ስለ ከተማችን በጻፍኩት የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ "ውቧና የፍቅር ከተማዋ ደሴ" ብዬ ነበር። ወሎዬ ነኝ፣ ሌላ ምን ልበል? በማግሥቱ ሳየው "ውቧ" የለችም፤ "የፍቅር"ም የለችም። ማን እንደሆነ የማላውቀው አርታኢ ቆርጦ "ማን አለ?" ብሎ ጽፎበታል። ደሜ ፈላ። የውይይት ገጹ ላይ እንደ ክስ አቤቱታ ረዘም አድርጌ ጻፍኩለት፤ "ስለዚህ እንዲወሰንልኝ" ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። እሱ በሁለት መስመር መለሰ። ደንቡ ከማንም ወገን አትሁኑ ይላል፤ ምስጋናም ወገንተኝነት ነው። ሳምንት አኮረፍኩ። ተመልሼ ውብ የምላትን ከተማ በቁጥር ጻፍኳት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። ጠዋት ጠዋት ጦሳ ላይ የሚተኛው ጉም አልገባም። ምንጭ የለውማ።

ይህ ምንጭ የሚባል ነገር ነው የሥራው እሾህ። የጻፋችሁት ሁሉ ከታተመና ከሚታመን ጽሑፍ መምጣት አለበት። "እኔ አውቃለሁ" አይሠራም። ጎረቤታችን ዘጠና የተጠጉ አዛውንት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው። አንድ ቀን በረካው ላይ ደርሼ የአንዱን መንደር ስም አወጣጥ አጫወቱኝ። ማን እንደሰፈረበት፣ ውሃ ከየት ይቀዳ እንደነበር፣ ማን ከማን እንደተጣላ። አፌን ከፍቼ ሰማሁ። ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ፦

"ምንጩስ አባባ?"

"ምንጩማ ደረቀ ልጄ። ድሮ ከጦሳ ሥር እየተንዶለዶለ ይወርድ ነበር።"

ሳቄን ዋጥኩ። ስለ ወረቀት እንደሆነ የጠየቅኳቸው ሳስረዳቸው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ነካ አድርገው "ታዲያ እኔ ምን ልሁን?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ወረቀት ያለው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስለ ንጉሥ ሚካኤል ስጽፍ መጻሕፍቱ ግማሹ በእኛ አቆጣጠር፣ ግማሹ በፈረንጅ ነበሩ። የሰገሌ ጦርነት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1916 ይላል። 8 ቀነስኩና 1908 ብዬ አስቀመጥኩ። ስህተት! ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መሆን ነበረበት። የወሎን ንጉሥ ሽንፈት፣ ወሎ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ዓመት አስቀደምኩት። ሌላ ሰው አርሞልኛል። ግን እያንዳንዱ እርማት ከነሰዓቱ ስለሚመዘገብ፣ የገጹን የእርማት መዝገብ የከፈተ ሁሉ ጉዴን ያያል። ለፍርድ ቤት ሰነድም እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖር ብዬ ተመኝቻለሁ።

የትርጉም መሣሪያውን ወድጄዋለሁ። እንግሊዝኛውን በአንድ ወገን፣ ባዶውን አማርኛ በሌላ ወገን አድርጎ ያቀርብላችኋል። ደክሞኝ በጥድፊያ ስተረጉም ግን የውጫሌ ውል ይመጣብኛል። ውጫሌ ሩቅ አይደለም፤ አምባሰል ውስጥ፣ በወልድያ መንገድ ላይ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ፣ አማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። መጨረሻው ዓድዋ ነው። እኔ ብሳሳት ዘማች አይነሳም፤ ቢሆንም ግሡን ሁለቴ አያለሁ።

ሱቄ ውስጥ ክርክር አይጠፋም። የ1999ኙ ቆጠራ የደሴን ከተማ ነዋሪ 120,095 ይላል፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስላልተካሄደ እሱን ጻፍኩ። አንድ ደንበኛዬ "ይሄ እኮ የአንድ ሰፈር ሰው ነው" ብሎ ሊደበድበኝ ደረሰ። ሌላው ሉሲ የወሎ ናት ብለሽ ጻፊ ይለኛል። በ1967 ዓ.ም. ስትገኝ ሐዳር በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ዛሬ ደግሞ አፋር ክልል ናት። ሁለቱንም ጻፍኩ። ማንም ደስ አላለውም።

ሌላው ችግር ቀላል ነው። መብራት ሲሄድ ያላስቀመጣችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ እኔ አንድ ሙሉ ምሽት አጥቻለሁ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ ፋይል ካላችሁ ደግሞ ገልብጣችሁ አትልፉ፤ ጉራማይሌ ምልክት ሆኖ ነው የሚወጣው። እንደገና መተየብ ነው። ከመጽሐፍ ቃል በቃል መገልበጥ፣ የሰው ፎቶ መለጠፍ ክልክል ነው። የራሳችሁን ፎቶ ስትለቁ ደግሞ ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊሸጠውም እንደሚችል እወቁት።

ለማን ይሆናል? ለጡረተኛ መምህር ይሆናል። ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ፊደል ሲሳሳት ለሚያመው ሰው ይሆናል። ስሙ እንዲጠራለት ለሚፈልግ አይሆንም። ስለ ራሱና ስለ ድርጅቱ ሊጽፍ ለሚመጣማ ጭራሽ አይሆንም፤ እንዲህ ያሉ ሁለት ደንበኞች መጥተውብኝ በገጽ እንክፈልሽ ብለው መልሻቸዋለሁ። እናቴ ይህን አልነገርኳትም።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን የያዝኩት ለአባባ ነው። ያጫወቱኝን በስልኬ ቀድቼ፣ በትርፍ ሰዓቴ ተይቤ፣ ስድስት ገጽ አትሜ፣ በስቴፕለር መትቼ ወሰድኩላቸው። ምንጭ አይሆንም፤ የእኔ ማተሚያ ማተሚያ ቤት አይደለም። ለቤታቸው ይሁን ብዬ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አገላበጡት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ጀርባውንም አዩት።

"ማኅተሙስ?" አሉኝ።