ማርሚታውን ማውጣት ወይስ ቫልቭ ያለው ጭስ ማውጫ?

የስፖርት መኪና ድምፅ እወዳለሁ። ሞተሩ ዙር ሲጨምር ድምፁም አብሮ ሲወጣ ልብ ይመታል። ድምፁን ለማጉላት የሚመረጡት ሁለት መንገዶች ግን በጣም ይለያያሉ።

አንደኛው ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ቆርጦ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ መበየድ ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ መኪናውም ትንሽ ይቀልለዋል። ድምፁ ግን መቀነሻ የለውም፤ ንጋት ላይ ሞተር ስታስነሳም፣ ሰው በተኛበት ሰፈር ስታልፍም ያው ነው። ጩኸቱ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሮ እጥፍ ያህል አድርጎ ይሰማዋል፤ ስለዚህ ጎረቤት ማማረሩ አይገርመኝም። ረጅም መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት ስትነዳ ደግሞ ወፍራም ጉምጉምታ የመኪናውን ውስጥ ይሞላዋል፤ ራስ ያዞራል። ጉልበት ይጨምራል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ማርሚታ ማውጣት ብቻውን የሚጨምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ነው። በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዛማ ጋዝ ወደ ጉዳቱ ያነሰ የሚለውጠውን ካታሊቲክ ኮንቨርተርም አብረው የሚያወጡ አሉ። ይህን ፈጽሞ አልደግፍም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሌላው መርዛማ ጋዝ ሳይለወጥ ይወጣል።

ሁለተኛው በቱቦው ውስጥ ቫልቭ፣ ማለትም ክብ መዝጊያ፣ ያለው ጭስ ማውጫ ነው። ሲዘጋ ጭሱ በማርሚታው ዞሮ ይወጣል፤ ሲከፈት አቋርጦ ይሄዳል። ውድ ነው፤ መዝጊያውም በሙቀትና በጥላሸት ሊጣበቅ ይችላል። ቫልቭ ስላለው ብቻ ሕጋዊ ይሆናል ማለትም አይደለም፤ ተከፍቶ የሚያወጣው ድምፅ ከተፈቀደው ሊያልፍ ይችላል።

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በሰፈር ዘግቼ፣ በመወዳደሪያ ሜዳ ከፍቼ።