ከኮምቦልቻ «አልጋ ያለው መኪና» ለመከራየት ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን በቴሌግራም «ለቤተሰብ ጉዞ የሚሆን አልጋ ያለው መኪና፣ መነሻ ኮምቦልቻ» የሚል ማስታወቂያ ያያችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። እኔ ነሐሴ ላይ ተከራይቼ 12 ሺህ ብር ተበልቻለሁ።

እህቴ ከነልጆቿ ከውጭ መጥታ ነበር። ልጆቹ እዚያ ሞተርሆም የሚሉትን ለምደው «መኪና ውስጥ እንደር» ብለው ያዙን። የተከራየነው ዶልፊን ነው። የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው ፍራሽ ተነጥፎበታል፣ መጋረጃ አለው፣ ትንሽ ፍሪጅም አለው። ፍሪጁ ሞተር ካልተነሳ እንደማይሠራ የነገረን የለም።

ውሉ ለ5 ቀን ነው። ነዳጅ በእኛ፣ በቀን 140 ኪሎ ሜትር፣ ካለፈ በኪሎ ሜትር 40 ብር። ኮምቦልቻ ላሊበላ ደርሶ መልስ 640 ገደማ ስለሚሆን 700ው ይበቃናል ብዬ አሰላሁ። ከታች በደቃቁ «መስመሩን ሾፌሩ ይመርጣል» የሚል አለ። መንገዱን እሱ ያውቃል ብዬ አለፍኩት። ስፈርም አከራዩ ትከሻዬን ቸብ አድርጎ «አብሽር!» አለኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ረቡዕ ጠዋት ተነሳን። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን አቀበት እንወጣለን ስል ሾፌሩ ወደ ባቲ ቀጠለ። «ጋሼ፣ ሐረጎ ጉም ነው። በሚሌ ዞረን ወልዲያ እንገባለን፣ ሜዳ ነው» አለኝ። ጉሙስ እውነት ነው፣ ደሴ በነሐሴ ያለ ጉም መች ነግቶላት ያውቃል? ግን በጉም ምክንያት ሐረጎን ሳይወጣ የቀረ አውቶቡስ አላየሁም። ከኮምቦልቻ ደሴ 25፣ ከደሴ ወልዲያ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በባቲ፣ በሚሌና በጭፍራ መዞር የዚህ እጥፍ ይሆናል። ሰኞ ብናልፍ እንኳ የባቲን ገበያ ባየን! ሾፌሩ ባቲ ላይ «ምሳ» ብሎ ወርዶ፣ በርጫውን ጨርሶ 9 ሰዓት ላይ ተመለሰ።

ሚሌ ላይ መሸብን። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች የሚያርፉበት ከተማ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የመኪናው ጣሪያ ገና እጅ አያስነካም። መስኮት ስንከፍት ትንኝ፣ ስንዘጋ ምድጃ። ሞተሩ ስለጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጥነው ውሃ ለብ ብሏል። ከጎናችን ተሳቢ ሲገባ ሲወጣ አደረ። ልጆቹ መጨረሻ ላይ ደጅ ሰሌን ላይ ተኙ፣ እህቴ በነጠላዋ ትንኝ ስታባርርላቸው ነጋ።

ላሊበላ ደህና ነበር። ስንመለስ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ «በደሴ ካልሆነ አንሄድም» አልኩ። ሐይቅ ላይ ዘበኛ ያለው ግቢ ገብተን፣ ሐይቁ ዳር አቁመን፣ ብርድ ልብስ ደርበን ተኛን። ልጆቹ እስካሁን የሚያወሩት ያቺን ሌሊት ነው።

ኮምቦልቻ ስንደርስ አከራዩ ደብተር ገለጠ። 1,000 ኪሎ ሜትር። 300ው ትርፍ፣ በ40 ሲባዛ 12 ሺህ። በሚሌ መዞራችን ቢበዛ 155 ቢጨምር ነው፣ የቀረው ከየት መጣ? ስንጨቃጨቅ ሾፌሩ አመለጠው፤ ቆጠራው የጀመረው እኛ ከመሳፈራችን በፊት በነበረው ቀን፣ መኪናው ሌላ ሰው አድርሶ ሲመለስ ነው! እኔም ሻንጣ ስጭን ቆጣሪውን ዞር ብዬ አላየሁም። ቀብዱ እጁ ላይ ስለሆነ ቆርጦ ቀሪውን ሰጠኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ከአንተ አይጠበቅም» ተባልኩ።

በኪሎ ሜትር የሚታሰብ ውል ላይ መስመሩን የሚመርጠው የእነሱ ሾፌር ከሆነ አትፈርሙ። የምታልፉባቸውና የምታድሩባቸው ከተሞች በስም ይጻፉ። ሾፌሩ መስመር ከቀየረ ትርፉ በማን እንደሆነም ይጻፍ። ስትሳፈሩ ቆጣሪውን በስልካችሁ አንሱት፣ ሾፌሩም ፎቶው ውስጥ ይግባ። «መንገድ ተዘግቷል» ከተባላችሁ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ መስመር የገባ ሾፌር ጠይቁ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መኪናው ትናንትም ማስታወቂያ ላይ ነበር። መጋረጃውን ሰማያዊ አድርገውታል። የፊት መስታወቱ ላይ በሾፌሩ በኩል ከታች ወደ ላይ የወጣው ስንጥቅ ግን እንዳለ ነው፣ በሱ ለዩት።