የአጎቴን ፊያት ነፍስ ለዘሩባት የአዘዞው ጋሼ

ጎንደር ያላችሁ፣ በተለይ የድሮ መኪና ይዛችሁ የምትንገላቱ፣ ይህን አንብቡልኝ። አዘዞ ያሉ አንድ መካኒክ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አደራ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት፤ አጎቴ በንጉሡ ጊዜ ከአስመራ ያመጣት። ነፍሱን ይማርና ከልጆቹ ለይቶ አያያትም ነበር። ለእኔ ስትደርስ ግን ወደ ጎሃ በሚያወጣው ዳገት ላይ ባጃጅ ይቀድመኝ ጀመር። ስፖርት መኪና ይዞ በባጃጅ መቀደም! የጥቁር ጭሱን ነገር ተውት፤ ከኋላዬ የሚመጣው ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል።

የሄድኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ «ቤንዚን አልጠገበችም» ብለው ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚን በልክ የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ቁራጭ፣ በትልቅ ቀየሩት፤ ጭሱ ባሰ። ሌላው «ድምፅ ሲጨምር ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ማርሚታዋን፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ቆርጦ ጣለው። ሰፈሩን ቀሰቀስኩ እንጂ ዳገቱን አልወጣሁም። ያ ብር ትዝ ሲለኝ አሁንም ያንገበግበኛል። የመጨረሻው ደግሞ ኮፈኑን በወጉ ሳይከፍት «አውጥተህ ጣለውና የቶዮታ ሞተር ግጠምባት» አለኝ። ይህን ሞተር የነደፈው እኮ ፌራሪ ቤት የሠራው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው! ለማን ይነገራል።

ጋሼ መፍቻ እንኳ አላነሱም። አስነሥተዋት፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ዝም ብለው ቆሙ። ከዚያ ቤንዚኑን በእሳት ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዷን ፈትተው በአውራ ጣታቸው ጠረግ አደረጉና ጥቀርሻውን አሳዩኝ። «ልጄ፣ ጎንደር መውጣቷን ለዚች መኪና ማንም አልነገራትም» አሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ በዝቶባት ታንቃ ኖሯል። «ስትሠራ 90 የፈረስ ጉልበት ነበራት። አንድ አምስተኛውን ያህል ከፍታው ይበላዋል፣ እሱን ማንም አይመልስልህም። ሌላውን ግን ሰው ነው ያጠፋው፤ እሱን እንመልሳለን።» እስካሁን እንዲህ እቅጩን የነገረኝ አልነበረም።

ጂግለሩን በትንሽ ለወጡ፣ የካንዴላው እሳት በሰዓቱ እንዲመጣ ዲስትሪቡተሩን ትንሽ አዞሩ፣ ሚኒሞዋን (ቆማ ስትሠራ ያለውን የሞተር ዙር) አስተካከሉ፤ የቀረውን ማስረዳት ከእኔ አቅም በላይ ነው። ማርሚታም አስገጠሙልኝ።

እኔን የገዛኝ ግን ሌላ ነው። ልወጣ ስል መሳቢያቸውን በርብረው የፋብሪካውን ልክ ጂግለር አገኙና በክብሪት ቤት ከተው፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ቆላ» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። «መተማ ወይ ሁመራ ከወረድክ ይህን መልስባት፤ አሁን በገጠምኩት እዚያ ቤንዚን ያጥራትና ሞተሩን ታግላለህ።» ስንት ልጨምር ስላቸው ተቆጡኝ። ማን ነው ከበሩ ወጥቼ ለምሄድበት መንገድ የሚጨነቅልኝ?

እሑድ አክስቴን ጭኜ ጎሃን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። «ኧረ ቀስ በል!» ብላ ጮኸችብኝ። አጎቴ ካረፈ ወዲህ በዚች መኪና ቀስ በል የተባለ ሰው የለም።

ኧረ ሂዱ ጋሼ ጋ! ፊያትም ቮልስም ያላችሁ፣ «ሞተር ቀይር» የተባላችሁ ሁሉ፣ ብራችሁን ከማፍሰሳችሁ በፊት እሳቸው ይስሟት። አዘዞ ገብታችሁ «የድሮ ፊያት የሚሠሩት ሽማግሌ» ብትሉ ሊስትሮው ሁሉ ያሳያችኋል። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ወረፋ አለ፣ ስልክ ደግሞ አያነሡም።